የነርሶች የትምህርት መሰላል፤ ከሐኪም ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ

በቤተ ክርስቲያናችን ጥንታዊ የትምህርት ሥርዓት፤ አንድ ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ተነሥቶ ወደ ሌላው በተሻገረ ጊዜ፤ አዲሱ መምህር የማን ደቀ መዝሙር እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቀው ይሆናል፤ ነገር ግን የሚፈርድለት ወይም የሚፈርድበት ባሰማው ነው። ድጓውን ዘልቆ የመጣ እንደ ሆነ ከዘለቀበት ይቀጥላል፤ ጎደሎ የተገኘበት እንደ ሆነ የጎደለው ይሞላለታል። ቅኔ የተቀኘውን ሰው፤ ወደ መጻሕፍት ቤት ስለ ገባ ብቻ፤ ተመልሰህ ፊደል ቍጠር የሚለው መምህር አይገኝም። ስለዚህም ንባቡን በሰፈሩ ደብር፤ ድጓውን በቤተ ልሔም፤ ቅኔውን በዋሸራ፤ አቋቋሙን በጎንደር የተማረ ሊቅ ብዙ ጊዜ ታይቷል። የተማረባቸው ደብሮች ሩቅ ለሩቅ ቢሆኑም ዕውቀቱ አንድ ሆኖ ተቈጥሮለታል።

ይህ ነገር ለእኛ የታወቀና ቀላል መስሎ ይታየናል። ነገር ግን በሌላው ዓለም፤ ይልቁንም በአሜሪካ አገር፤ በሽተኛ የሚጠብቁ ነርሶች ከአንድ የትምህርት ደረጃ ወደሚቀጥለው ሲወጡ የቀድሞ ትምህርታቸው እንዲቈጠርላቸው መቶ ዓመት ያህል ደክመዋል። የድካማቸው ታሪክ የነርሶች ብቻ አይደለም፤ ትምህርት በሰው ልብና እጅ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ወይስ በወረቀት ላይ የተጻፈ ብቻ፤ የሚለውን ትልቅ ጥያቄ የሚመረምር ታሪክ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥተን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በሽተኛን መጠበቅ ከጥንት ጀምሮ የመነኰሳትና የመነኰሳይያት፤ የእናቶችና የእኅቶች ሥራ ነበር። የደጉ ሳምራዊ ምሳሌም ለክርስቲያን ሁሉ የተሰጠ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ይህ የምሕረት ሥራ በተለየ ትምህርት ቤት በሥርዓት የሚማሩት ሙያ ሆኖ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። እመቤት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከ1853 እስከ 1856 በተደረገው የክሪሚያ ጦርነት የእንግሊዝን ቁስለኞች ከረዱ በኋላ፤ ሕዝቡ ለክብራቸው ከ40,000 ፓውንድ በላይ አዋጣ። እርሳቸው ግን ገንዘቡን ለራሳቸው አላደረጉትም፤ በ1860 በሎንዶን ከተማ በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የነርሶች ትምህርት ቤት አስከፈቱበት። ይህ ትምህርት ቤት የራሱ ገንዘብ የነበረው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ለሚቀጥለው ታሪክ ይህ ነገር ዋና ነውና።

ሥርዓቱ ወደ አሜሪካ በተሻገረ ጊዜ፤ በ1873 ዓመት በኒው ዮርክ፤ በኒው ሄቨንና በቦስተን ሦስት የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት ያለው ከተማ ሁሉ የየራሱን ትምህርት ቤት ለመክፈት ተሽቀዳደመ። የተሽቀዳደመበትም ምክንያት ዕውቀትን መውደድ ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የናይቲንጌልን ትምህርት ቤት የመሰለ የራስ ገንዘብ ስላልነበራቸው በሐኪም ቤቱ እጅ ወደቁ፤ ሐኪም ቤቱም ተማሪዋን እንደ ሠራተኛ አድርጎ ያዛት። ተማሪዋ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስትጠብቅ፤ ስታጥብና ስታነጥፍ ትውላለች፤ ለድካሟም ምግብ፤ ማደሪያና ጥቂት የኪስ ገንዘብ ትቀበላለች። የመጽሐፉ ትምህርት የሚሰጣት ሥራው ሲበርድ፤ ብዙ ጊዜም ሰውነቷ ዝሎ በመሸ ሰዓት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት እንዲህ ሆና ስትፈጽም ሐኪም ቤቱ ዲፕሎማ ይሰጣታል።

ይህ ዲፕሎማ በድካም የተገኘና የከበረ ነበር። በሽተኛው ሲብስበት ከፊቱ የምታውቅ ዐይን፤ ቁስሉን ሳታሳምም የምትጠርግ እጅ ያላት ሴት ነበረች የተሸለመችው። ነገር ግን ወረቀቱ የሐኪም ቤት ወረቀት እንጂ የኮሌጅ ወረቀት አልነበረም። ከዚህ በኋላ የመጣው ችግር ሁሉ ከዚህ ሥር በቀለ።

ነርሶቹ ራሳቸው ይህን ጕድለት ቀድመው አይተውታል። ሌሎችን የሚያስተምሩና ሐኪም ቤት የሚያስተዳድሩ ነርሶች ከፍ ያለ ትምህርት እንዲያገኙ ብለው በ1899 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ የመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማ ላላቸው ነርሶች የተለየ ትምህርት አስጀመሩ። እመቤት አደሌድ ናቲንግም በ1907 በዚያው ኮሌጅ በዓለም የመጀመሪያዪቱ የነርስነት ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1909 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነርስ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1923 ደግሞ እመቤት ጆሴፊን ጎልድማርክ ያዘጋጁት ታላቅ ምርመራ ታትሞ የሐኪም ቤት ትምህርት ቤቶች ለትምህርት ሳይሆን ለሥራ ያደሉ መሆናቸውን ገለጠ፤ በዚያው ዓመትም በዬል ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የነርስ ትምህርት ቤት ተመሠረተ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ቤት ጎን ለጎን ቆመ፤ አንዱ የሐኪም ቤት፤ ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ። በመካከላቸው ግን የተሠራ በር አልነበረም።

በሩን ያጠበበው፤ ክሬዲት የሚባለው የትምህርት ሒሳብ ነው። ይህ ሒሳብ ከወዴት እንደ መጣ ማወቅ ይገባል። ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በ1905 ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን ገንዘብ መደቡ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ድርጅትም፤ ጡረታ የሚገባው እውነተኛ ኮሌጅ የትኛው ነው ብሎ መለየት ስላስፈለገው፤ ደንብ አወጣ። ኮሌጅ ማለት የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት በ14 መለኪያ የፈጸመውን ተማሪ የሚቀበል ነው፤ አንዱም መለኪያ በዓመት ከመምህር ፊት የተቀመጡበት 120 ሰዓት ነው ተባለ። ጡረታውን የፈለገ ሁሉ ደንቡን ተቀበለ፤ ኮሌጆችም የራሳቸውን ትምህርት እንደዚሁ በሰዓት እየሰፈሩ መቍጠር ለመዱ። እንግዲህ ክሬዲት ከልደቱ የጊዜ መስፈሪያ እንጂ የዕውቀት መመርመሪያ አልነበረም። ነገሩ እንደ ቁና ነው፤ ቁና የእህሉን ብዛት ይናገራል እንጂ እህሉ ንጹሕ ይሁን ወይም ነቀዝ የበላው አይናገርም።

ሦስት ዓመት ሙሉ በሐኪም ቤት የደከመች ነርስ ወደ ኮሌጅ ደጃፍ በቀረበች ጊዜ፤ እህሏ በዚህ ቁና ያልተሰፈረ ስለ ሆነ፤ አንዳንዱ ኮሌጅ በጅምላ ጥቂት ይቈጥርላት ነበር፤ ሌላው ግን ምንም እንዳልተማረች አድርጎ ይመልሳት ነበር። በአንድ ከተማ የተቈጠረው በሌላው ከተማ አይቈጠርም። ሕግ የሌለበት ገበያ እንዲህ ነው፤ ዋጋው በሻጩ ድካም ሳይሆን በገዢው ፊት መቅላትና መጥቈር ይወሰናል።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የአሜሪካ መንግሥት በ1943 ባወጣው ሕግ የነርስ ተማሪዎችን ጓድ አቋቁሞ የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ፤ ጓዱ በ1948 እስኪዘጋ ድረስ 124,000 ያህል ነርሶች በእርሱ ተመርቀዋል። ከጦር ሜዳ የተመለሱት ነርሶችም መንግሥት ለዘማቾች በሰጠው የትምህርት ገንዘብ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተሰለፉ። በ1948 እመቤት ኤስተር ሉሲል ብራውን ያሳተሙት ምርመራ የነርስ ትምህርት ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ መከረ። ምክሩ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ኮሌጅ ሳይገቡ የተማሩት እልፍ አእላፍ ነርሶች ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ከበደ።

በዚህ ጊዜ ሦስተኛ በር ተከፈተ። የኮሎምቢያ የመምህራን ኮሌጅ ሰው የነበሩት እመቤት ሚልድሬድ ሞንታግ በ1951 ባሳተሙት ጥናት፤ በሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ተምራ አሶሼት ዲግሪ የምትቀበል ነርስ እንድትገኝ አሳብ አቀረቡ። በ1952ም ሙከራው በሰባት የሁለት ዓመት ኮሌጆችና በአንድ ሐኪም ቤት ተጀመረ። ሙከራው ተሳካ፤ ኮሌጆቹም በየግዛቱ በዙ። ባልና ልጆች ያሏት ሴት፤ ገንዘብ ያነሰው ወጣት፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሳይርቅ ነርስ ለመሆን ቻለ። ነገር ግን በዚህ መልካም ሥራ ውስጥ አንድ ነገር ተደብቆ ነበር፤ አሶሼት ዲግሪው ሲታሰብ በራሱ የሚያበቃ ትምህርት ተብሎ ነው እንጂ ወደ ሌላ የሚያሻግር እርከን ተብሎ አልነበረም። የቤቱ ሠሪ ደረጃ አልሠራለትም፤ ነዋሪዎቹ ግን ወዲያው ወደ ላይኛው ፎቅ ማንጋጠጥ ጀመሩ። የሰው ልጅ ባሕርይ ይህ ነውና፤ ጥቂት የተማረ ሰው ጨምሮ መማር ይወዳል።

በ1965 የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር፤ የባለሙያ ነርስነት መጀመሪያ ባችለር ዲግሪ ይሁን፤ አሶሼት ዲግሪ ያላት ግን የቴክኒክ ነርስ ትባል ብሎ አቋሙን ገለጠ። ይህ ቃል በነርሶች መካከል ብዙ ዓመት የቈየ ክርክር አስነሣ። ክርክሩን ያባባሰውም ይህ ነው፤ ከሐኪም ቤት በዲፕሎማ የወጣችው፤ ከሁለት ዓመት ኮሌጅ በአሶሼት የወጣችው፤ ከዩኒቨርሲቲ በባችለር የወጣችው፤ ሦስቱም አንድ ዐይነት የመንግሥት ፈተና ተፈትነው አንድ ዐይነት የሥራ ፈቃድ ይቀበሉ ነበር። በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ሦስቱም እኩል ናቸው፤ በኮሌጁ መዝገብ ቤት ግን አይተዋወቁም።

እስኪ በዚያ ዘመን የነበረችውን ነርስ በልባችን እንሣላት። አሥር ዓመት በሽተኛ ጠብቃለች፤ አዲስ ሐኪም ሲመጣ የምታለማምደው እርስዋ ናት። ሹመት ሲመጣ ግን ባችለር የለሽም ተብላ ትታለፋለች። ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ስትጠይቅ፤ የሰውነት ክፍሎችን ትምህርት እንደ ገና ተማሪ፤ ሙቀት መለካትንና አልጋ ማንጠፍንም ከጀማሪዎች ጋር እንደ ገና ተለማመጂ ትባላለች። ትምህርቱ ያው ነው፤ የተለወጠው በመዝገቡ ላይ ያለው የኮርሱ ቍጥር ብቻ ነው። ሌሊት እየሠራች ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ትማራለች፤ ለሁለተኛ ጊዜም ትከፍላለች። ብዙዎቹ በዚህ ደጃፍ ላይ ተስፋ ቈርጠው ተመለሱ። የጠፋው የእነርሱ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችን ሊያስተምሩ ይችሉ የነበሩ መምህራን ጠፉ፤ ማስተርስና ዶክትሬት የሚገኘው በባችለር በር አልፎ ነውና።

ነገር ግን ፍርድ ሚዛናዊ ሊሆን ይገባዋል። በር ጠባቂዎቹ ሁሉ በክፋት የዘጉ አይደሉም። የትምህርት ቤቶቹ ሥራ እኩል አልነበረም፤ ባንዱ ሐኪም ቤት ተማሪዋ በእውነት ተምራለች፤ በሌላው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ወለል ስታጥብ ኖራለች፤ ወረቀታቸው ግን ይመሳሰላል። በነርስ እጅ ያለው የሰው ነፍስ ነው፤ በመድኃኒት መጠን የሚደረግ ስሕተት እንደ ቅኔ ስሕተት ታርሞ የሚያልፍ አይደለም። ስለዚህ ያልመረመሩትን ዕውቀት በይሉኝታ መቍጠር፤ ያለውን ዕውቀት በትዕቢት ከመካድ የማይሻል ኃጢአት ነው። የሚያስፈልገው ምሕረት ሳይሆን ፈተና ነበር፤ ይኸውም ወዴት ተማርሽ ከማለት ይልቅ ምን ታውቂያለሽ የሚል ፈተና ነው።

ይህን መንገድ ከቀደዱት አንዱ የኒው ዮርክ ግዛት ነው። በ1971 በዚያ ግዛት የውጭ ዲግሪ የሚባል ሥርዓት ተመሠረተ፤ ተማሪው በየትም ይማር በየት፤ በፈተና ካሳየ ዲግሪ እንዲሰጠው ነው። ለነርሶች ደግሞ የጽሑፍ ፈተና ብቻ እንዳይበቃ፤ በሐኪም ቤት በእውነተኛ በሽተኛ ፊት እጃቸውና ጠባያቸው እየታየ የሚመዘኑበት የተግባር ፈተና ተሠራ። ይህ ትምህርት ቤት በኋላ ኤክሴልሲየር ኮሌጅ ተብሏል። የእኛን ሊቃውንት አሰማኝ የሚል ልማድ ያወቀ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ታላቁ የሠለጠነ አገር ብዙ ደክሞ የደረሰበት ቦታ የድጓ መምህር ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ከሚያደርገው ብዙ የራቀ አይደለምና።

ሁለተኛው መንገድ በካሊፎርንያ ተገኘ። በ1972 የሶኖማ ኮሌጅ፤ ፈቃድ ያላቸውን ነርሶች ብቻ ተቀብሎ የባችለሩን የመጨረሻ ሁለት ዓመት የሚያስተምር ክፍል ከፈተ፤ ሁለተኛው እርከንም ተባለ። በዚህ ክፍል ነርሷ አልጋ ማንጠፍን እንደ ገና አትማርም፤ ያላት እንደ መሠረት ተቈጥሮ፤ የጎደላት ማለት የሕዝብ ጤና አጠባበቅ፤ የምርምር ዘዴ፤ የአመራር ጥበብ ይጨመርላታል። ዛሬ ከፈቃድ ወደ ባችለር የሚያሻግሩ ትምህርቶች በአሜሪካ በብዙ መቶ የሚቈጠሩት በዚህ አምሳል ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ብልህነት የታየበት ነው። ተማሪዋ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ስለ ወረቀቷ ከመከራከር፤ ትምህርት ቤቶቹ አስቀድመው ተስማምተው በሩን ቢያስፋፉ አይሻልምን ተባለ። በኦሬገን ግዛት የሁለት ዓመት ኮሌጆችና የግዛቱ የጤና ዩኒቨርሲቲ ኅብረት አቋቁመው አንድ ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ፤ በ2006ም የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበሉ። ተማሪዋ በሩቅ ባላገር ከተማ ብትጀምር፤ በአሶሼት ዲግሪ ቆማ ወደ ሥራ ለመግባት ትችላለች፤ ብትፈልግ ደግሞ ምንም ሳይጣልባት ወደ ባችለር ትቀጥላለች። የተማረችው በሁለቱም ቤት አንድ ስለ ሆነ የሚከራከሩበት ነገር የለም። ኒው ሜክሲኮን የመሰሉ ሌሎች ግዛቶችም ከዚያ በኋላ የየራሳቸውን ኅብረት መሥርተዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለነርሶች ክብር ብቻ የተደረገ እንዳይመስለን፤ የበሽተኛው ሕይወት በዚህ ውስጥ እንዳለ ደግሞ እንመልከት። በ2003 ሊንዳ ኤይክንና ባልደረቦቻቸው በፔንሲልቬንያ ግዛት በ168 ሐኪም ቤቶች ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ከ232,000 በላይ በሽተኞች መርምረው አሳተሙ። ባችለር ያላቸው ነርሶች ቍጥር ከመቶ በ10 በጨመረበት ሐኪም ቤት፤ በሽተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል ከመቶ በ5 ያህል ቀንሶ አገኙት። እንዲህ ያለ ምርመራ የአንድ ነገር ምክንያት ይህ ብቻ ነው ብሎ አያስረግጥም፤ ነገር ግን የሚያስብ ሰው ሊያልፈው የማይገባ ምልክት ነው።

በ2010 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ስለ ነርስነት የወደፊት ዕድል ባወጣው ታላቅ መግለጫ፤ በዚያ ጊዜ ከመቶ 50 ያህል የነበሩት ባለ ባችለር ነርሶች በ2020 ከመቶ 80 እንዲሆኑ መከረ፤ ትምህርት ቤቶችም ነርሷ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሳትደናቀፍ የምትወጣበትን መንገድ እንዲጠርጉ አሳሰበ። የተባለው ቍጥር በተባለው ዓመት አልተፈጸመም፤ ሆኖም በ2022 ባችለርና ከዚያ በላይ ያላቸው ከመቶ 70 አልፈው ተገኝተዋል። የኒው ዮርክ ግዛትም በ2017 ታኅሣሥ ወር በጸናው ሕግ፤ አዲስ ፈቃድ የሚቀበሉ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲያገኙ አዘዘ፤ አስቀድመው ፈቃድ የነበራቸውን ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ አደረገ። ሕጉ እንዲህ ሊያዝዝ የቻለው መሰላሉ አስቀድሞ ስለ ተሠራ ነው። መሰላል ሳይሠሩ ውጣ ብሎ ማዘዝ ግፍ በሆነ ነበር።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ እንዳይመስለን፤ በአገራችንም የራሱ ፈለግ አለው። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በሎንዶን በታላቁ ኦርመንድ መንገድ የሕፃናት ሐኪም ቤት የነርስ ትምህርት ተምረው በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው በመዝገብ ገቡ፤ ከዚያም በጋይ ሐኪም ቤት አገለገሉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ሳለ በእርከኑ ልክ እንደ ማንኛዪቱም ተማሪ ወጡ እንጂ በዘር ማዕርግ አልዘለሉትም። በ1942 ገና በወጣትነታቸው ቢያርፉም በ1951 በስማቸው በአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተከፍቶ ነርሶች ተምረውበታል። በ1954 ደግሞ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተመሥርቶ የጤና መኰንኖችን፤ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ጠባቂዎችን አንድ ላይ አሠለጠነ። ከ2003 ጀምሮም የአሥረኛ ክፍልን የፈጸሙ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆኑ፤ ቍጥራቸው ከ30,000 በላይ ከደረሰ በኋላ፤ በሥራ ላይ ያሉት ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚወጡበት ትምህርት ተሠርቶላቸዋል። የመሰላሉ ጥያቄ እንግዲህ በእኛም ቤት የገባ ጥያቄ ነው።

በባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ይህን ጥያቄ በሥጋቸው ያውቁታል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፤ በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ከነርስ ረዳትነት ጀምረው እርከን በእርከን ወደ ነርስነት ወጥተዋል፤ በአገራቸው ነርስ ሆነው ኖረው በሰው አገር እንደ ጀማሪ የተቈጠሩም አሉ። በውጭ አገር የተማሩትን ነርሶች ወረቀት የሚመረምር ድርጅት በአሜሪካ የተመሠረተው በ1977 ነው። ወገኖቻችን ከዚህ ምርመራ ፊት ሲቆሙ የሚጠቅማቸው ነገር አንድ ነው፤ የተማሩበት ቤት ምን እንዳስተማራቸውና ምን ያህል በተግባር እንዳለማመዳቸው በጥራት ጽፎ የመሰከረላቸው እንደ ሆነ ነው። መዝገቡን በሚገባ ያልጠበቀ ትምህርት ቤት የልጆቹን ድካም በገዛ እጁ እንደ ቀበረ ይቈጠራል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፤ ትምህርት የሚከፍት ሰው በሩን ብቻ ሳይሆን ከበሩ በኋላ ያለውን ደረጃም ማሰብ አለበት፤ በራሱ ያበቃል ተብሎ የተሠራ ትምህርት ለተማሪው ግድግዳ ይሆንበታልና። ሁለተኛ፤ የዕውቀት መስፈሪያ ዕውቀት ራሱ እንዳይደለ ማስተዋል ይገባል፤ ቁናው ለገበያ ይጠቅማል፤ እንጀራ የሚሆነው ግን እህሉ ነው። ሦስተኛ፤ መፈተን ማዋረድ አይደለም። ያለ ፈተና መጣል ግፍ ነው፤ ያለ ፈተና መቀበልም በበሽተኛው ላይ የሚደረግ ግፍ ነው፤ ፈትኖ በሚገባው እርከን ላይ ማቆም ግን ለሁለቱም ፍርድ ነው።

ያዕቆብ በሕልሙ ያየው መሰላል እግሩ በምድር፤ ራሱ በሰማይ ነበረ፤ በመካከሉ የተሰበረ እርከን እንደ ነበረበት አልተነገረም። ሰው የሚሠራው መሰላል እንደዚያ ፍጹም ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በበሽተኛ ራስጌ ቆማ ያደረች ነርስ፤ በማለዳ ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ስትገባ፤ ትናንት የወጣችበትን እርከን ዛሬ እንደ ገና እንድትወጣ እንዳትገደድ ማድረግ ለሰው የሚቻል ሥራ ነው። ያደረጉት አሉና ይቻላል። የሚቻለውን መልካም ነገር አለማድረግ ደግሞ በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት ያስጠይቃል።